የዤሮም ለዠን ሕይወት፦ ሐኪሙ፣ ሕፃናቱና የቤተ ሙከራዋ አይጥ



ኤፕሪል 3 ቀን 1994 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ነበረ። በዚያ ዕለት ማለዳ ፕሮፌሰር ዤሮም ለዠን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪምና የዘረ መል ሳይንስ ሊቅ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሕፃናት የሰጡ ሰው ነበሩ። የሕመሙን መንስኤ ካገኙት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ መድኃኒቱን ግን ሳያገኙ ሄዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

የእኚህን ሰው ሕይወት በዚህ ዕትም ለማቅረብ የተነሣንበት ምክንያት አለን። አእምሮው ቀስ ብሎ የሚያድግ ልጅ የተሰጣት እናት በራዲዮ ወይም በጋዜጣ ስለ አንዲት የቤተ ሙከራ አይጥ ትሰማለች። አይጧ እንደ ልጇ ያለ ጉድለት ኖሮባት በመድኃኒት እንደ ተሻላት ይነገራታል። እናቲቱም ይህ ነገር ለልጇ ምን ማለት እንደ ሆነ ካህኑን ወይም መምህሩን መጠየቋ አይቀርም። ተስፋ ታድርግ ወይስ ተስፋ ትቁረጥ? ደግሞስ በእንስሳት ላይ እንዲህ ያለ ምርምር ማድረግ የተገባ ነውን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከፕሮፌሰር ለዠን ሕይወትና እርሳቸው ካረፉ በኋላ ከሆነው ነገር ብዙ የምንማረው አለ።

ልጅነትና ጥሪ

ዤሮም ለዠን ጁን 13 ቀን 1926 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሞንሩዥ ተወለዱ። ሁለት ወንድሞች ነበሯቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ፊሊፕ በኋላ ታዋቂ ሠዓሊ ሆኑ። የጦርነቱን ዘመን ከፓሪስ በስተ ደቡብ በምትገኘው በኤታምፕ ከተማ አሳለፉ። ገና በ13 ዓመታቸው የባልዛክን የገጠር ሐኪም የተሰኘ ልብ ወለድ አንብበው፣ በመጽሐፉ እንደ ተሣለው ሰው የድሆች ሐኪም ሆኖ በአንድ መንደር ማገልገልን ተመኙ። ሕክምናን ያጠኑትም በዚሁ ሐሳብ ነበር።

ይሁን እንጂ እግዚአብሔር ለሰው የሚያዘጋጀው መንገድ ሰው ካሰበው ይለያል። በ1951 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ፣ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ሬሞን ቱርፓን አብረዋቸው እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ፕሮፌሰሩ በዚያን ጊዜ ሞንጎላዊ እየተባሉ ስለሚጠሩት ሕፃናት ለብዙ ዓመታት ሲመራመሩ የቆዩ ሰው ነበሩ። ወጣቱ ሐኪም ግብዣውን ተቀበሉ። በተከታዩም ዓመት ቢርት ብሪንግስትድ የተባሉትን ዴንማርካዊት አግብተው ቤተሰብ መሠረቱ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ። የገጠር ሐኪም የመሆን ሕልማቸው አልተፈጸመም፤ ነገር ግን ማንም የማይፈልጋቸውን ድሆች የማገልገሉ ምኞት በሌላ መልክ ተፈጸመላቸው።

በወላጆች ላይ የተጫነው ሸክም

የእነዚያ ሕፃናት ሁኔታ ምን ይመስል እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን የሕመሙን ምልክቶች ለይተው የጻፉት በ1866 ዓ.ም. ነው። የሕፃናቱን የዓይን ቅርጽ ተመልክተው ከሞንጎሊያ ሕዝብ ጋር ስላመሳሰሏቸው፣ ያ የተሳሳተ ስም መቶ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። መንስኤው ግን አይታወቅም ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ከወላጆች የአባለዘር በሽታ፣ ሌሎች ከስካር፣ ሌሎችም ከሳንባ ነቀርሳ የመጣ ነው ይሉ ነበር። እንግዲህ ልጁን የታቀፈች እናት ከሐዘኗ በላይ ሌላ ሸክም ነበረባት፤ ጎረቤት ሁሉ በእርሷ ወይም በባሏ ኃጢአት የመጣ ነው ብሎ በልቡ ይፈርድባት ነበርና። ብዙዎች ልጃቸውን ይደብቁ ነበር፤ ብዙዎችም በማኅበራዊ ተቋም ጥለውት ይሄዱ ነበር።

ዶክተር ለዠን ሥራቸውን የጀመሩት የሕፃናቱን መዳፍ በመመርመር ነው። በመዳፍና በጣት ላይ ያሉት መስመሮች ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ፣ በእርግዝናው የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚቀረጹ ናቸው። የእነዚህ ሕፃናት መስመሮች ከሌሎች የተለዩ መሆናቸውም የሕመሙ መነሻ ከመወለድ እጅግ አስቀድሞ እንደ ሆነ የሚያመለክት ነበር። ጥያቄው ይህ መነሻ በሕዋሳቱ ውስጥ በምን ቦታ ይገኛል የሚል ሆነ።

አርባ ሰባተኛዋ

በ1956 ዓ.ም. በስዊድን በሉንድ ከተማ ጆ ሂን ትጂዮና አልበርት ሌቫን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች እንዳሉት አረጋገጡ። ክሮሞዞሞች ማለት የሰው አካል የሚታነጽበት መመሪያ የተጻፈባቸው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ክሮች ናቸው። ከእናት 23፣ ከአባት 23 ሆነው ይመጣሉ።

በዚያው ዓመት ማርት ጎቲዬ የተባሉ ወጣት ሐኪም ከአሜሪካ የትምህርት ቆይታቸው ተመልሰው በፕሮፌሰር ቱርፓን ክፍል ሥራ ጀመሩ። በአሜሪካ ሕዋሳትን ከአካል ውጭ የማሳደግን ጥበብ ተምረው ነበርና፣ በፓሪስ በትሩሶ ሆስፒታል አንዲት ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበር ሕዋሳቱ የሚያድጉበትን ምግብ ለማዘጋጀት አንድ አውራ ዶሮ ገዝተው ከደሙ ይወስዱ ነበር፤ ከዶሮ ዕንቁላል ፅንስም ይጨምቁ ነበር፤ ከራሳቸው ደም እንኳ ይቀዱ ነበር። አንባቢ ይህን አውራ ዶሮ ያስታውስ፤ ገና ከመጀመሪያው በእነዚህ ሕፃናት ጉዳይ የእንስሳ ድርሻ ነበረበትና።

በ1958 ዓ.ም. በአንድ ሕመምተኛ ልጅ ሕዋሳት ውስጥ 46 ሳይሆን 47 ክሮሞዞሞች ታዩ። ትርፏ ከሁሉ ታናሽ ከሆኑት ክሮሞዞሞች መካከል የምትቆጠር ናት፤ በኋላም 21ኛ ተብላ ተሰየመች። ግኝቱ በሦስት ሕፃናት ተመሥርቶ በጃንዋሪ 1959 ዓ.ም. በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲታተም የለዠን፣ የጎቲዬና የቱርፓን ስም በቅደም ተከተል ሰፈረበት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከክሮሞዞም ለውጥ የሚመጣ መሆኑ በሰው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ።

እውነትን ስለ መውደድ እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ዶክተር ጎቲዬ ድርሻቸው ተሸፍኖ እንደ ቀረ በኋለኛው ዘመን በይፋ ተናገሩ። በ2014 ዓ.ም. የፈረንሳይ ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳዩን ተመልክቶ፣ ለግኝቱ የሕዋስ ማሳደጉ ጥበብ ወሳኝ እንደ ነበረ መሰከረ። በለዠን ስም የተቋቋመው ድርጅት ደግሞ የፕሮፌሰሩን ድርሻ ለማሳየት የተለያዩ ማስረጃዎችን ያቀርባል። ዶክተር ጎቲዬ በ2022 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። የአንድን መልካም ሰው ክብር ለመጠበቅ የሌላውን ድካም መሸሸግ አያስፈልግምና፣ ሁለቱንም በምስጋና እናስባቸው።

ግኝቱ ለሕፃናቱ ያመጣው የመጀመሪያ ፍሬ መድኃኒት አልነበረም፤ ነፃነት ነበር። የሕመሙ ምክንያት የእናት ኃጢአት ወይም የአባት ስካር እንዳልሆነ፣ ሕዋስ ሲከፈል የሚፈጠር መዛባት እንደ ሆነ ታወቀ። በ1961 ዓ.ም. ዶክተር ለዠንና ሌሎች ሊቃውንት ሞንጎላዊ የሚለው ስም እንዲቀር በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በጋራ ጠየቁ። ዛሬ ሕመሙ ዳውን ሲንድሮም ወይም ትራይሶሚ 21 ተብሎ ይጠራል።

ክብርና መከራ

ከዚህ በኋላ ክብር ተከታተለላቸው። በ1962 ዓ.ም. ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከጆን ኬኔዲ እጅ ሽልማት ተቀበሉ። በ1963 ዓ.ም. ሕፃናቱ እንደ ድመት ግልገል ስለሚያለቅሱ የድመት ጩኸት የተባለውን ሌላ ሕመም ምክንያት ለይተው አሳወቁ፤ ይህኛው ከ5ኛዋ ክሮሞዞም ከፊሏ በመጉደሏ የሚመጣ ነው። በ1964 ዓ.ም. በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ የመጀመሪያው የመሠረታዊ ዘረ መል ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኑ። ኔኬር በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታልም በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ተቀብለው መረመሩ። ልጆቹን በየስማቸው ያውቋቸው ነበር፤ ለወላጆችም ከሁሉ አስቀድመው ስለ ልጁ እንጂ ስለ ሕመሙ አይነግሯቸውም ነበር።

ነገር ግን ለፈውስ የተፈለገው ዕውቀት ወደ ሌላ አቅጣጫ ተወሰደ። ከእንሽርት ውኃ ጥቂት ቀድቶ የፅንሱን ክሮሞዞም መቁጠር ሲቻል፣ ትርፍ ክሮሞዞም የታየበት ፅንስ እንዲወገድ የሚመክሩ ሐኪሞች በዙ። ፕሮፌሰር ለዠን በዚህ ልባቸው ተሰበረ። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከፍተኛ የዘረ መል ሳይንስ ሽልማት በተቀበሉበት ጉባኤ፣ ሐኪም በሽታን ሊዋጋ እንጂ በሽተኛውን ሊያጠፋ እንዳልተጠራ በግልጽ ተናገሩ። አዳራሹ ቀዘቀዘባቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብዙ ባልንጀሮች ራቋቸው፤ ከጊዜ በኋላም የምርምር ገንዘብ ማግኘት እየከበዳቸው ሄደ።

በፈረንሳይ ስለ ፅንስ ማስወረድ ክርክር በጦፈበት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በቴሌቪዥን የተላለፈውን ውይይት ከወላጆቹ ጋር አይቶ እንደ ነበር በሕይወት ታሪካቸው ይተረካል። ልጁ በማግስቱ ወደ ሐኪሙ መጥቶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ፤ ሊያጠፉን የሚፈልጉ አሉና እርስዎ ይከላከሉልን፣ እኛ አቅም የለንም ሲል ለመናቸው። ፕሮፌሰሩ ይህን ልመና እስከ ሞታቸው አልረሱትም።

የተዘጋው በር

ለሕፃናቱ መከራከር ብቻ በቂ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ሰዎች ሕፃናቱን የሚያስወግዱት ሕመሙ የማይድን ስለሚመስላቸው ነው፤ ስለዚህ መድኃኒት መፈለግ ራሱ ለሕይወት መከራከር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕፃናቱ ሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን የንጥረ ነገሮች ለውጥ አጠኑ። በተለይም ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን በሰውነት የሚሠራበትን መንገድ በብርቱ መረመሩ። ሆኖም የተመኙት መድኃኒት አልተገኘም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት በሩ የተዘጋ መሆኑ ነው። ሐኪም የሕፃኑን ደም መቅዳትና ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ማየት ይችላል፤ በሕይወት ያለን ልጅ አንጎል ከፍቶ ግን ሊመረምር አይችልም፣ አይገባውምም። ገና ያልታወቀ መድኃኒትንም በመጀመሪያ በልጅ ላይ መሞከር ነውር ነው። ስለዚህ ሳይንስ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ይህም የሰውን ሕመም በከፊል የምታሳይ እንስሳ ማዘጋጀት ነው። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለችውን እንስሳ የሕመሙ አምሳያ ይሏታል።

ከእንስሳት ሁሉ አይጥ የተመረጠችው ቶሎ ስለምትራባና በቀላሉ ስለምትጠበቅ ብቻ አይደለም። አይጥ 40 ክሮሞዞሞች አሏት፤ በሰው 21ኛ ክሮሞዞም ላይ የሚገኙት ዘረ መሎች አቻዎቻቸው በአይጥ በ16ኛው፣ በ17ኛውና በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ተበታትነው ይገኛሉ፤ የሚበዙትም በ16ኛው ላይ ናቸው። በ1970ዎቹ ጀርመናዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ግሮፕ ትርፍ 16ኛ ክሮሞዞም ያላቸውን የአይጥ ፅንሶች አስገኙ። ነገር ግን የአይጥ 16ኛ ክሮሞዞም ሌሎች ብዙ ዘረ መሎችንም ስለሚይዝ፣ ፅንሶቹ ሳይወለዱ ወይም በመወለጃቸው ጊዜ ይሞቱ ነበር። የሞተ ፅንስ ደግሞ ስለ መማርና ስለ ማስታወስ ምንም አይናገርም።

በ1990 ዓ.ም. ሙሪየል ዴቪሰን የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በሜይን ግዛት በሚገኘው በጃክሰን ቤተ ሙከራ ሌላ የአይጥ ዘር አስታወቁ። የወንድ አይጦችን የዘር ሕዋስ በጨረር መትተው ክሮሞዞሞቻቸው እንዲሰበሩ ካደረጉ በኋላ፣ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል የ16ኛውን ክሮሞዞም ቁራጭ በትርፍነት የያዘች አይጥ ለዩ። ይህች አይጥ ተወልዳ ታድጋለች። በውኃ ገንዳ ውስጥ ተሸሽጎ የቆመውን መቆሚያ ፈልጋ እንድታገኝ ስትደረግ ግን፣ ሌሎቹ አይጦች ቦታውን ቶሎ ሲለምዱት እርሷ ደጋግማ ትስታለች። ይህም የመማር ችግሯ በ1995 ዓ.ም. በሮጀር ሪቭስና በባልደረቦቻቸው ጽሑፍ በዝርዝር ወጣ። ፕሮፌሰር ለዠን ግን ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድመው ዐርፈው ነበር። የፈለጉት በር ገርበብ ማለት የጀመረው እርሳቸው ሲሄዱ ነው።

የመጨረሻው ሕማማት

ፕሮፌሰሩ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጥይት በተመቱበት በሜይ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በማዕዳቸው ቀርበው ምሳ የበሉት እርሳቸው ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያም እኚሁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አዲስ ላቋቋሙት ለጳጳሳዊ የሕይወት አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሟቸው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሳንባ ካንሰር በርትቶባቸው ነበር። በሰሙነ ሕማማት አልጋ ላይ ሳሉ እጅግ ያስጨነቃቸው የራሳቸው ሞት አልነበረም፤ ሕፃናቱን ሳያድኑ ትተዋቸው መሄዳቸው ነበር። የትንሣኤው ማለዳ ሲደርስ ዐረፉ። በሻሎ-ሳን-ማርስ መንደርም ተቀበሩ።

ቤተሰባቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሥራው እንዳይቋረጥ በስማቸው ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ልጆችን ያክማል፤ በአምሳያ አይጦች ላይ የሚደረጉትን ጨምሮ ለልዩ ልዩ ምርምሮችም ገንዘብ ይሰጣል።

አይጧ ያስተማረችውና ያላስተማረችው

ታዲያ ከዚያ ወዲህ አይጧ ምን አስተማረች? አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። ተመራማሪዎች በአይጧ ትንሹ አንጎል ውስጥ አንድ ዓይነት ሕዋሳት ሳስተው አገኙ። ከዚያም ቀድሞ ማንም ልብ ያላለውን ይህን ነገር ዳውን ሲንድሮም ከነበረባቸው ሟቾች በተወሰደ አንጎል ውስጥ ፈልገው፣ በእርግጥም በ2000 ዓ.ም. እዚያው እንዳለ አስታወቁ። አይጧ የት መፈለግ እንደሚገባ አመለከተች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሰው 21ኛ ክሮሞዞም ንባብ በሙሉ ታትሞ፣ በላዩ ከ200 በላይ ዘረ መሎች መኖራቸው ታወቀ።

ሆኖም አምሳያ አካሉ ራሱ አይደለም። በኋላ እንደ ታወቀው ያች አይጥ ከዳውን ሲንድሮም ጋር ግንኙነት የሌላቸውን በርካታ ዘረ መሎችም በትርፍነት ትይዛለች፤ የሚያስፈልጉት ሁሉም አይገኙባትም። ስለዚህ በአይጧ የታየው ሁሉ በሰው አይታይም። በአይጦች ላይ የማስታወስ ችሎታን ያሻሽላል የተባለ የመድኃኒት ዓይነት በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ በጥንቃቄ ሲሞከር፣ መድኃኒትነት ከሌለው ማወዳደሪያ የተሻለ ውጤት አላሳየም፤ ሙከራውም በ2016 ዓ.ም. ቆመ። ብዙ ወላጆች በዚያ ዜና አዘኑ።

ተስፋው ግን አልተቋረጠም። በ2022 ዓ.ም. በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአምሳያዋ አይጥ አንጎል ውስጥ የአንድ ሆርሞን ጉድለት አግኝተው፣ ሆርሞኑ በተገቢው መጠንና ሰዓት ሲሰጣት ችሎታዋ መሻሻሉን አስታወቁ። ያንኑ ሕክምና ለ7 ወንዶች ለስድስት ወር ሰጥተው በ6ቱ መሻሻል አዩ። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ የሚወዳደሩበት ሌላ ቡድንም አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ተከፈተ እንጂ ደረስን አይባልም።

እስከ ዛሬ ለእነዚህ ልጆች ዕድሜ የጨመረላቸው ከሁሉ ይልቅ እንክብካቤ መሆኑንም እንወቅ። በአሜሪካ በ1983 ዓ.ም. ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው በአማካይ 25 ዓመት ገደማ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ዓመት ተጠግቷል። ይህ የሆነው ልባቸው በቀዶ ሕክምና ስለ ተጠገነ፣ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው በጊዜው ስለ ታከሙ፣ ከሁሉም በላይ በተቋም መጣላቸው ቀርቶ በቤተሰባቸው መካከል ስላደጉ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለሌላው ልጅ የሚደረገው ሁሉ ለእነርሱም ስለ ተደረገ ነው።

ለመምህራን የሚሆን ምክር

በእንስሳት ላይ ስለሚደረገው ምርምር ለሚጠይቁ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ መልስ ይሰጣል። እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት ናቸውና ቸርነት ይገባቸዋል፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በምን ዓይነት ርኅራኄ ይመለከታቸው እንደ ነበር ያስታውሰናል። የሰውን ሕይወት ለመንከባከብ ወይም ለማዳን የሚረዳ የሕክምና ምርምር በተገቢው ልክ ሲደረግ በሥነ ምግባር የተፈቀደ ነው። ያለ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ግን የሰውን ክብር የሚቃወም ነው። እንግዲህ ተመራማሪው አይጧን በአስፈላጊው ቍጥር ብቻ፣ ሕመሟን እያቀለለ፣ ለታላቅ ጉዳይ ሊጠቀምባት ይገባል። የምትሰጠው ነገር ውድ ነውና በከንቱ ማባከን አይገባም።

ለእናቲቱስ ምን እንመልስላት? መጀመሪያ፣ የልጅሽ ሕመም ከኃጢአትሽ የመጣ አይደለም እንበላት፤ ይህን ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በእርግጥ እናውቃለን። ቀጥሎም ስለ አይጧ የሰማችው እውነት እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ከአይጥ እስከ ልጅ ያለው መንገድ ረዥም እንደ ሆነ በትዕግሥት እናስረዳት። የውሸት ተስፋ ሰጥተን በኋላ ለብቻዋ እንድታዝን አናድርጋት። በሦስተኛ ደረጃ፣ ልጇ የሚወደደው መድኃኒቱ ሲገኝ እንዳልሆነ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ እናሳያት። ልጁ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ቦታ ይኑረው፤ መምህሩ በስሙ ይጥራው፤ ጸሎቱን ቀስ ብሎ ይማር፤ ከእኩዮቹ ጋር ይዘምር፤ በተዘጋጀም ጊዜ ወደ ቅዱስ ቍርባን ይቅረብ። በየቁምስናችን ከቤት የማይወጡ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉና፣ መምህራን ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቋቸው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በኦገስት 1997 ዓ.ም. ለዓለም ወጣቶች ቀን ወደ ፓሪስ በመጡ ጊዜ፣ ወደ ሻሎ-ሳን-ማርስ ሄደው በወዳጃቸው መቃብር ላይ ጸለዩ። የብፅዕና ጉዳያቸው በ2007 ዓ.ም. ተከፈተ። በጃንዋሪ 21 ቀን 2021 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የምግባራቸውን ጽናት አጽድቀው፣ ወደ ብፅዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ፈቀዱ።

ክቡር ዤሮም ለዠን የሚፈልጉትን መድኃኒት ሳያገኙ ሞቱ፤ ይሁን እንጂ ሕይወታቸው በከንቱ አልቀረም። መንስኤውን ፈልገው ለማግኘት ሲደክሙ ልጆቹን አልረሱም፤ መድኃኒቱ ሲዘገይባቸውም ልጆቹን መውደድ አላዘገዩም። ምርምሩ በሊቃውንት እጅ ይቀጥላል። የእኛ ድርሻ ግን ከመጪው እሑድ ጀምሮ ልንፈጽመው የምንችለው ነው፤ ይኸውም በደጃችን ያለውን ልጅ እጁን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣት ነው።